ራስን መቻልና ብቻ መሆን

ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ሰው ምን እንዳተረፈ ሲጠየቅ «ራሴን ቻልኩ» ይላል። እውነቱን ነው። በእናቱ መሶብ ያደገ ልጅ ወጡን ራሱ መሥራት፣ ሸሚዙን ራሱ ማጠብ፣ ገንዘቡንም እስከ ወር መጨረሻ ማብቃቃት ይማራል።

የዚህ ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊም ይህን ተምሯል። ነገር ግን በበረዶው ወራት ታሞ ሦስት ቀን ሲተኛ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ለቤተሰቡም «ደኅና ነኝ» ብሎ ጻፈ። በአራተኛው ቀን ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ራስን መቻል ማለት ችግርን መደበቅ አለመሆኑን የተረዳው ያን ዕለት ነው።

የእኛም አገር ለሌላው ባሕር ማዶ ነው። በ1951 ዓ.ም. ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይማሩ ነበር። ስለ ፖለቲካ በድፍረት ሲከራከሩ የሰሙ የኛ ተማሪዎች ከነሱ ብዙ ቀስመዋል። እንግዳን የቀረበ አልከሰረም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተከበራችሁ መምህራንም፥ በየመኝታ ቤታችን ከሩቅ የመጣ ተማሪ አለ። እርሱ እስኪያንኳኳ አንጠብቅ፤ እኛ እናንኳኳለት።