«እዚያ አልነበርኩም!»

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፤ የትም ጠጅ ቤት ግቡ፣ የሰው መጥፋት ከተነሳ ደራሲ በዓሉ ግርማ ይነሳል። «ኦሮማይ»ን ካሳተመ በኋላ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ ቮልስዋገኑ ተገኘች፣ እሱ ቀረ። ጣት የሚቀሰረው ወደ ደርግ ደኅንነት ነው።

አንዱ «እገሌ ያን ማታ ስብሰባ ላይ ነበር፣ ነፃ ነው» ይላል፤ ሌላው «ስብሰባው ራሱ ሽፋን ነው!» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ያዘዘ ሰው ስፍራው ላይ መገኘት አያስፈልገውም። ጥርጣሬም ማስረጃ አይሆንም። የሚለየው የተረኛ መዝገብ፣ የትእዛዝ ደብዳቤና ምስክር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ አይታገድም ይላል። ታዲያ ምን ይጠበቃል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ መዝገቡ ካልተከፈተ በምን ይንጋ?