ቦነቪል ሁለት ካርቡራተር ለምን አስፈለገው?

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን “ዘ ግሬት ኢስኬፕ” ፊልም ያየ ሰው አንድ ትዕይንት አይረሳም። ስቲቭ ማክዊን የሚጫወተው እስረኛ ከጀርመኖች አምልጦ በሞተር ሳይክል የሽቦ አጥር ይዘላል። አጥሩን የዘለለው ማክዊን ራሱ ሳይሆን ወዳጁ በድ ኤኪንስ መሆኑንም ብዙዎች ያውቃሉ። የጀርመን ጦር መስሎ የተቀባው ያ ሞተር ሳይክል ግን እንግሊዝ ሠራሽ ትራያምፍ ቲአር6 ነበር። ሞተሩ አየር የሚስበው በአንድ ካርቡራተር ብቻ ነው።

ዛሬ አሮጌ ትራያምፍ ገዝቶ ለማደስ የተነሣ ሰው ይህን ቢያስታውስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ብስጭት ይተርፈው ነበር። አያስታውስም። ሞተሩ ገና ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ሳለ፣ ፒስተኑ ሳይለካ፣ ቫልቮቹ ሳይፈተሹ፣ መጀመሪያ የሚያዘው ሁለት የሚያብረቀርቁ ካርቡራተሮች ነው፤ ያውም ከፋብሪካው ልክ ሰፋ ያሉ። ይህ ምርጫ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ከሙያ ማነስ ይልቅ ከስም ፍቅር የሚመጣ ነው።

ስሙ ቦነቪል ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆኒ አለን የተባለ አሜሪካዊ በትራያምፍ ሞተር የሚሄድ፣ ዙሪያውን ሽፋን የለበሰ ተሽከርካሪ ይዞ በዩታ ግዛት ቦነቪል በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 214 ማይል ገደማ በረረ። ትራያምፍ ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ያዋለውን ባለ 650 ሲሲ ሞተር ሳይክል በሜዳው ስም ጠራው። መለያው ቲ120 ነው፤ በሰዓት 120 ማይል ይሄዳል ለማለት። አሜሪካኖች ፍጥነት ፈለጉ፣ ፋብሪካው ሰጣቸው። ቦነቪልንና ቲአር6ን ጎን ለጎን አቁሞ ላየ ሰው ግን ዋናው ልዩነት አንድ ነው፦ ቲአር6 አንድ ካርቡራተር አለው፣ ቦነቪል ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ።

ሁለተኛው ካርቡራተር የሚጨምረው ምንድን ነው? ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ፣ ጥቂት የፈረስ ጉልበት። በውድድር ሜዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እሑድ እሑድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ግን ያ ጉልበት ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ይቀመጣል። ዕዳው ግን ሁልጊዜ ይከፈላል። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል መከፈት አለባቸው። አንዱ በፀጉር ስፋት ቢቀድም አንዱ ሲሊንደር ሌላውን ይጎትታል፣ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሲሠራም ይንቀጠቀጣል። ገመዶቹ ይለጠጣሉ፣ እንደገና ይስተካከላሉ፣ እንደገና ይለጠጣሉ።

ይህን ቀድሞ የተረዳው የእንግሊዝ ፖሊስ ነው። ትራያምፍ ለፖሊስ ያዘጋጀው “ሴይንት” የተባለው ሞተር ሳይክል መሠረቱ ቲአር6 ነበር፤ ባለ አንድ ካርቡራተር። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ፣ ሰልፍ አጅቦ በዝግታ የሚሄድ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ የሚፈተለክ ሞተር ሳይክል የፈለገ ሰው የመረጠው ይህን ነው። ፖሊስ ለስም አይነዳም።

ስፋቱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ካርቡራተር በመሠረቱ ጠባብ ጉሮሮ ያለው ቧንቧ ነው። ወንዝ ጠባብ ገደል ውስጥ ሲገባ እንደሚፈጥን አየሩም ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ ቤንዚኑ ከሥር ካለው ቋት፣ ጄት በምትባለው ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል። ጉሮሮው ሲሰፋ በዝቅተኛ ዙር አየሩ ይንቀራፈፋል፣ ቤንዚኑም ጉም መሆኑ ቀርቶ ጠብታ ይሆናል። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ያመነታል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ በድንገት ይወረወራል። ነጂው ይህን መወርወር “ጉልበት” ይለዋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነበሩት ቦነቪሎች ካርቡራተር 30 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለመንገድ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ አይደለም።

ሰፊውን ገዝቶ የገጠመ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ደግሞ ዋናውን ጄት መቀያየር ነው። ዋናው ጄት ግን በሙሉ ሥልጣን የሚያዝዘው ነዳጅ መስጫው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው። ከአንድ አራተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ያለውን የምትቆጣጠረው መርፌዋ ናት። ከዚያ በታች ያለው የተንሸራታቿ በር ቅርጽና የትንሿ ጄት ጉዳይ ነው። እንግዲህ አብዛኛው የመንገድ ጉዞ የሚያልፈው በመርፌዋና በትንሿ ጄት ነው። ሰውየው የሚያስተካክለው ጨርሶ የማይደርስበትን ክፍል ነው!

የዚህ ዋጋ ብስጭት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ለገባው አየር የሚመጥን ቤንዚን ካልደረሰ ቃጠሎው ከልክ በላይ ይግላል፣ ካንዴላው ነጥቶ ይወጣል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ለረጅም ጊዜ ሲገፋ የፒስተኑ ራስ ሊበሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ “አርጅቷል” ተብሎ ሸራ ለብሶ ጋራዥ ጥግ ይቆማል። ያላረጀ ሞተር።

በእንግሊዝ የድሮ መካኒኮች ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ፤ አብዛኛው የካርቡራተር ብልሽት የኤሌክትሪክ ነው ይላሉ። ቀልዱ እውነት አለው። ፑንቲናው የተበላ፣ ኮንደንሰሩ የደከመ ሞተርም ይታፈናል፣ ይተኩሳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጥፋቱ ግን በካርቡራተር ይሳበባል። አየር የሚሰርቅ መጋጠሚያም እንዲሁ ነው። በተለይ የአማል ኮንሴንትሪክ ካርቡራተር ከቴስታታው ጋር የሚታሰርበት ጆሮ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይጣመማል፤ በተጣመመው በኩል አየር ይገባል። ባለቤቱም አየር እየሰረቀ መሆኑን ሳይመረምር አዲስ ካርቡራተር ይገዛና ያንኑ ብሎን በዚያው ጉልበት ያጠብቃል።

የትኛውን ልግዛ ለሚል ሰው ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ስም መካከል ነው፦ አማል ወይስ ሚኩኒ። አማል እ.ኤ.አ. በ1927 ሦስት የእንግሊዝ ካርቡራተር ሠሪዎች ተዋህደው የፈጠሩት ስም ነው። የድሮው ኮንሴንትሪክ ችግር የታወቀ ነው፤ ተንሸራታቿ በርና አካሉ ከአንድ ዓይነት ለስላሳ ብረት ስለተሠሩ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ሞተሩም በዝግታ መሥራት ያቅተዋል። በዚህ የተማረሩ ሰዎች አውልቀው ጥለው የጃፓኑን ሚኩኒ ይገጥማሉ። ሚኩኒ ጥሩ ካርቡራተር ነው፣ ክርክር የለውም፤ በብርድ ጠዋት ጣት ቤንዚን ሳይነካ ይነሣል። “እንግሊዝ አልቻለችም፣ ጃፓን ቻለች” የሚለው ፉከራ ግን ሳቅ ያመጣል። ሚኩኒ እ.ኤ.አ. በ1960 ከአማል ጋር የቴክኒክ ስምምነት ተፈራርሞ ከእርሱ የተማረ ኩባንያ ነውና። አባቱን ጥሎ ልጁን መግዛት ነው ነገሩ። ዛሬ አማልም ፕሪሚየር በሚል ስም የሚሸጠው ካርቡራተር በሩ ጠንካራ ሽፋን ባለው አሉሚኒየም የተሠራ፣ ትንሿ ጄትም ተፈትታ የምትጸዳ ነው። ለትራያምፍ የተሠሩት ጄትና መርፌ አብረውት ይመጣሉ፤ ሚኩኒን የገጠመ ሰው ግን ልኩን ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። ለማያውቅ ሰው ይህ ብቻውን አማልን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ልክ ሲባል ደግሞ ሞተሩ የሚሠራበት አገርና የሚቃጠለው ቤንዚን ጭምር ነው። በብሪታንያ ከ2021 ወዲህ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀልበታል። ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ለድሮ ቤንዚን የተሠሩ ተንሳፋፊዎችንና ጎማዎችን ያበላሻል፤ ቃጠሎውንም በመጠኑ ወደ ነጩ ካንዴላ ይገፋዋል። (አዲስ አበባም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የቀዳችበት ጊዜ ነበር።) ከፍታ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ በርሚንግሃም ላይ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር እዚህ ካንዴላ ያጠቁራል። እዚህ አነስተኛ ጄት የተገጠመለት ሞተር ደግሞ ወደ አዋሽ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። ባለቤቱ አንድ ካርቡራተር ካለው መንገድ ዳር ቆሞ የሚቀይረው አንዲት ጄት ነው።

“ባለ አንድ ካርቡራተር ቦነቪል ቦነቪል አይደለም” የሚሉ አሉ። ለኤግዚቢሽን ወይም ለሽያጭ የሚቀርብ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ፋብሪካው እንዳወጣው መሆን አለበት። ሊነዳው ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱን መግቢያ ወደ አንድ የሚያገናኝ ቧንቧ ይገኛል፤ በእርሱ ላይ 30 ሚሊ ሜትር አዲስ አማል ይበቃል። እርሱም የሚገዛው መብራቱ ከተስተካከለ፣ ቫልቮቹ ከተፈተሹ፣ የቴስታታው መጋጠሚያ አየር አለመስረቁ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የወለቁት ሁለቱ ካርቡራተሮች ግን አይሸጡ። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ይቀመጡ፤ ቀጣዩ ባለቤት ይጠይቅባቸዋል።