የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩን ማን ይፈትሸዋል?

ጫጫ ላይ የወፍጮ ሞተር ጥገናው ተዘንግቶ ቢቆም ባለእህሉ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል። የኒውክሌር ማመንጫ ግን ቢዘጋም ነዳጁ መጋሉን አያቆምም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣ ፓምፖቹን የሚያንቀሳቅሱት መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ናቸው፤ ዓመታት ያለ ሥራ ቆመው በተፈለጉባት ቅጽበት መነሳት አለባቸው።

ኢትዮጵያ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ስለሚገኘው ኃይል ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተቆጣጣሪው የተባለው ግን ጥቂት ነው።

የጃፓኑ ቴፕኮ በፉኩሺማ ዳይቺ 33 መሣሪያዎችን በወቅቱ ሳይፈትሽ መቅረቱን ለመንግሥት ያሳወቀው የካቲት 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። በ11ኛው ቀን ሱናሚ ደረሰ፤ ጄኔሬተሮቹን ውኃ ዋጣቸው፤ የሦስት ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። አደጋውን ያመጣው የፍተሻው ጉድለት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ተቆጣጣሪው ኒውክሌርን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ከሳሽና ዳኛ አንድ ቤት እንደማደር ነው። ጃፓን ሁለቱን የለየችው ከጥፋቱ በኋላ፣ በመስከረም 2005 ዓ.ም. ነው።

በኢትዮጵያ የጨረራ ቁጥጥር የቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ድርሻ ነው። የለመደው ሥራ ለራጅና መሰል መሣሪያዎች ፈቃድ መስጠትና እነሱን መፈተሽ ነው። ጥገናው የዘገየበትን ሪአክተር «አቁም» ማለት ግን፣ መብራት ጠባቂው ሕዝብ እያጉረመረመም ቢሆን፣ ሥልጣን፣ በጀትና የበቃ ባለሙያ ይሻል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ተጀምሮ አይደርስም።