ፈንገስ ፌስታሉን እስኪበላልን አንጠብቅ

በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኙ የአትክልት ማሳዎችና የችግኝ ጣቢያዎች ስንዘዋወር አንድ ጥያቄ ይደጋገምብናል፤ ይኸውም «ፕላስቲክ የሚበላ ፈንገስ ተገኝቷል ይባላል፤ ለምን አታመጡልንም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቀበና ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲወርድ ከላይ ያመጣውን ፌስታል በዳርቻው ማሳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በበጋ ሲቆፈር ብጫቂው ከጎመን ሥር ይወጣል።

ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ከኢኳዶር ደን የተሰበሰበው ፔስታሎቲዮፕሲስ ማይክሮስፖራ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከኢስላማባድ ቆሻሻ መጣያ የተገኘው አስፐርጂለስ ቱቢንጀንሲስ ደግሞ በ2017 ፕላስቲክን እንደሚያፈርሱ ተገልጿል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ስም ያተረፉት የፍራሽ ስፖንጅ በሚሠራበት በፖሊዩሬቴን ላይ ነው። ፌስታልና የችግኝ ፕላስቲክ የሚሠሩት ግን ከፖሊኢትሊን ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ፈንገስ ሆድ የለውም፤ ኢንዛይም ወደ ውጭ አፍስሶ ምግቡን ከቆራረጠ በኋላ ይመጠዋል። ፖሊዩሬቴን ኢንዛይም ሊቆርጣቸው የሚችሉ መጋጠሚያዎች አሉት። ፖሊኢትሊን ግን ረጅም የካርቦን ሰንሰለት በመሆኑ ለመቁረጥ አይመችም፤ ውሃም አያስጠጋም። ሰንሰለቱ የሚላላው የፀሐይ ጨረር ለረጅም ጊዜ ሲያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓረንጊዮዶንቲየም አልበም የተባለ የባሕር ፈንገስ ፖሊኢትሊንን እንደሚያፈርስ ታውቋል፤ ይህም ቢሆን አስቀድሞ በጨረር የተመታውን፣ ያውም በላቦራቶሪ ውስጥ፣ በቀን 0.05 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ፌስታል ፀሐይ አያይም። በጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ጥላሸትም ጨረሩን ይከላከልለታል።

ላቦራቶሪ የማያስፈልገው ማስረጃም አለ። የላም ጨጓራ ሙቀቱ የተጠበቀ፣ ባክቴሪያና ፈንገስ የሞላበት ማብላያ ነው፤ ደረቅ ጭድ ያፈርሳል። ፌስታል የዋጠች ላም ስትታረድ ግን ፌስታሉ ተጠቅልሎና ተቋጥሮ እንዳለ ይገኛል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ፈንገስ ይመጣል በሚል ተስፋ በእጅ የሚሠራውን ሥራ ማዘግየት ጉዳት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ክልከላው እንዲሰፋ ተደርጓል። አዋጅ ግን አፈር ውስጥ የገባውን አያወጣም።

በተለይ የሚያሳስበን የራሳችን የሙያ ዘርፍ የሚጥለው ፕላስቲክ ነው። በየክረምቱ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ችግኝ ሲተከል ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ የሚገባ አለ፤ ተቀዶ እዚያው የሚጣልም አለ። የመጀመሪያው የችግኙን ሥር እያጠማዘዘ ያቀጭጨዋል። ሁለተኛውን ዝናቡ ጠርጎ ወደ ቀበና ያወርደዋል። ሌላው የጣለብንን ፌስታል እያማረርን የራሳችንን አለማየታችን አያምርብንም። የልማት ሠራተኛው በተከላ ቀን ምላጭ ይያዝ፤ የፕላስቲኩን ቂጥ ቆርጦ ጎኑን በመሰንጠቅ አፈሩ ሳይፈርስ ማውጣትን ያሳይ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ችግኝ ቆጥሮ እንደሚያስረክብ ሁሉ ፕላስቲኩን ቆጥሮ ይረከብ፤ 1000 ችግኝ ከወጣ 1000 ፕላስቲክ ይመለስ። የተመለሰውን እዚያው ማቃጠል አይገባም፤ በከረጢት ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።

ለፈንገስ የሚሆን ሥራ ግን ሞልቷል። የብስባሽ ክምር ሲገለጥ የሚታየው ነጭ ድር እርሱ ነው፤ ገለባውንና ቅጠሉን የሚያፈርሰው ከባክቴሪያ ጋር ሆኖ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻውን ቶሎ ስለማይበሰብስ ከፍግ ጋር ይቀላቀል፤ መቼም ቅጠሉን ለማገዶ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ካስተረፉልን ነው። ከገበያና ከየቤቱ በሚመጣው ጥራጊ ውስጥ ያለው ፌስታል ከመከመሩ በፊት ይለቀም፤ ከበሰበሰ በኋላ ብጫቂውን መልቀም አይቻልም።

ምናልባት «ፕላስቲክ አጥፊ» ፈንገስ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ቢኖር ማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሁለት ጉድጓድ ይቆፈር። እኩል የተመዘነ ፌስታል በሳሳ ጨርቅ ተቋጥሮ በሁለቱም ይቀበር፤ ፈንገሱ በአንዱ ብቻ ይጨመር። ከአንድ ዓመት በኋላ ወጥቶ፣ ታጥቦና ደርቆ እያንዳንዱ ብጫቂ ሳይቀር ይመዘን። መበጣጠሱን ሳይሆን ክብደቱን መዝግቡ።