ሳክስፎኑን የነፋው ማነው?

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮው ማስታወቂያ ጀመረ። የምን ማስታወቂያ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በነጻ አላስተዋውቅላቸውም! ከአስተዋዋቂው ድምፅ ሥር ግን የማውቀው ነገር ይመታል። ኪኩ የእኔ ነው። ትንሽ ዘግይታ የምትገባዋ ስኔር የእኔ ናት። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ስቆርጠው ያደርኩት የሳክስፎን ሉፕ ነው። «እስኪ ስሙትና አስተያየት ስጡኝ» ብዬ ቢት ለሚሠሩ ጓደኞቼ በነጻ የበተንኩት ሥራ፣ እኔን ሳይጠይቅ ሥራ ይዞ ደመወዝ ለሌላ ያስገባል።

ከታክሲው እንደወረድኩ ለአንድ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ሰረቁኝ!» አልኩት፤ መንገደኛው ሁሉ ቦርሳዬ የተወሰደ መስሎት ዞሮ ያየኛል። ጓደኛዬ ጮኼ እስክጨርስ ጠበቀና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «የሰረቁሽ የቱን ነው? ድራሙን ነው ሳክስፎኑን?»

መልስ አልነበረኝም። ሳክስፎኑን የነፋው ማን እንደሆነ አላውቅማ! ሸክላው የአጎቴ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ተልጧል፤ የተቀመጠውም በሌላ ዘፋኝ ሽፋን ውስጥ ነው። ቢቱን ስበትን ከሥሩ የጻፍኩት አንድ ቃል ነበር፤ «ቪንቴጅ»። ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመርቄያለሁ እኮ! የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ትምህርታችን «ምንጭሽን ጥቀሺ» የሚል ነበር። እኔ ግን አንድ ሰው ሳንባውን ያወጣበትን ሥራ ወስጄ «ቪንቴጅ» ብዬ አለፍኩት። ቪንቴጅ የሰው ስም ነው እንዴ?

እንግዲህ የዛሬው ጠቤ ከሁለት ወገን ጋር ነው። አንደኛው «እናንተ ቢት ሠሪዎች ቅርስ አጥፊ ሌቦች ናችሁ» ከሚለን ወገን ጋር፤ ሁለተኛው ደግሞ ከራሳችን ጋር። ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ይቀለኛል።

ለማታውቁት፣ ቤት ውስጥ ቢት መሥራት ማለት ከአሮጌ ሸክላ ወይም ካሴት ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ትቆርጣላችሁ፤ ፍጥነቱንና ቅኝቱን ትነካካላችሁ፤ ከሥሩ ኪክ፣ ስኔርና ቤዝ ታስገባላችሁ፤ ከዚያ እንዲደጋገም ታደርጉታላችሁ። ሲወራ ቀላል ነው። እስኪ ጭክችካ የሚመታ ዘፈን ራፕ ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ! የእኛ ዘፈን ሦስት ሦስት እያለ ይንከባለላል፤ ራፑ ሁለት ሁለት እያለ ይራመዳል። ሁለቱን ለማስታረቅ ድምፁን ፍርፍር አድርጎ እንደገና መገጣጠም ያስፈልጋል። አምባሰል ላይ የተሠራች ዜማ ላይ ያልሆነ ቤዝ ጣል ካደረጋችሁባት ደግሞ ወዲያው ታኮርፋችኋለች። ይህን ለመማር አሮጌውን ዘፈን መቶ ጊዜ መስማት ግድ ነው። ከእኔ እኩዮች መካከል የ1960ዎቹን ባንዶች መቶ ጊዜ የሰማ ማን አለ ብትሉ፣ ከባንድ ተጫዋቾች ቀጥሎ ቢት ሠሪዎች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረውም በድህነት ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ ሕንፃ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ የእህቱን ግብዣ ሲያደምቅ ሰዉ የሚጨፍረው ዘፈኑ ላይ ሳይሆን ድራሙ ብቻውን የሚቀርባት ቦታ ላይ መሆኑን አወቀ። ያችን ቦታ በሁለት ማጫወቻ እየመላለሰ አስረዘማት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤስፒ-1200 የተባለ ማሽን መያዝ የሚችለው አሥር ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ በ33 የሚዞረውን ሸክላ በ45 እያስኬዱ ቀዱ፤ በኋላ ማሽኑ ውስጥ ፍጥነቱን መልሰው አወረዱት። አሥሯን ሰከንድ አብቃቅቶ መብላት ማለት ይኸው ነው። እኛ ደግሞ በተዋስነው ላፕቶፕ የዚያን ብልሃት እንቀጥላለን።

«ቅርሱን አበላሻችሁት» የምትሉን ታላላቆቻችን ሆይ፣ ስለየትኛው ቅርስ እያወራችሁ ነው? ጋሽ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በብቸኝነት የተያዘው በሀገር ፍቅር ነበር። ሰውዬው ሕጉን ጥሶ ነው የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ያሳተመው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያላችሁ የምታለቅሱለት ዘመን የተከፈተው በአንድ እምቢ ባይ ወጣት ነጋዴ ነው። ራሱን አለማየሁንም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ብላችሁ ስታሞግሱት፣ የተወሰደ ነገር እንዳለ እያመናችሁ ነበር እኮ! ጌታቸው መኩሪያም የሽለላንና የፉከራን ድምፅ ከጀግኖች አፍ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ አስገባው። ያኔ ማንም «ሽለላ ተሰረቀ» አላለም፤ «ጌታቸው ተወለደ» ተባለ እንጂ።

ውጭ አገር ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። ናስ እና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የጋራ አልበም መክፈቻ ዘፈን ላይ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» አለ። ኦህ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ፕሮዲውሰር እ.ኤ.አ. በ2009 «ኢትዮፒየም» ብሎ ከኛ ሸክላዎች አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። ያኔ ሁላችንም «ሙዚቃችን ዓለም ደረሰ» ብለን ደረታችንን ነፋን። ያው ሥራ ጎፋ ወይም ሽሮሜዳ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሠራ ሌብነት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ሙዚቃውን ፈረንጅ ሲቆርጠው ክብር፣ የቤት ልጅ ሲቆርጠው ነውር!

እስካሁን ያጨበጨባችሁልኝ ቢት ሠሪዎች እጃችሁን አውርዱ። ተራው የኛ ነው።

በመካከላችን አንድ መጥፎ ልማድ አለ፤ ምንጭን መደበቅ። «ከየት ነው የቆረጥከው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ፈገግ ይላል፤ «ሚስጥር ነው» ይላል። ግማሹ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ነው። ግማሹ «ብናገር እከሰሳለሁ» ብሎ ነው። ስናገር ደግሞ የተማርኩትም የሠራሁትም ይህንኑ ነው፤ ንጹሕ መስዬ አልሰብክም።

ፍርሃቱ የመጣበትን አገር አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ ራፐሩ ቢዝ ማርኪ የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ሳያስፈቅድ ቆርጦ ተጠቀመ ተብሎ ተከሰሰና ተረታ። ዳኛው ውሳኔውን የጀመረው «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች ጠበቃ ቀጥረው ማስፈቀድ ጀመሩ፤ ገንዘብ የሌለው ደግሞ መደበቅ ጀመረ። እኛ ቢቱን ከአሜሪካ ስንወርስ ፍርሃቱንም አብረን ወረስን። እሺ፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን መደበቅ ማንን አዳነ? ሸክላው ላይ የተጫወተውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ቀበረው እንጂ።

የኛ ልማድ ሌላ ነበር። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል፤ ይለውጠዋል፤ ያሳምረዋል። ከሰው አፍ ወስዶ መሥራት እዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሰጪው ቤቱ ውስጥ ቆሟል። ሁሉም ያየዋል። አዝማሪው «ከኪሴ ነው ያወጣሁት» ቢል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኛ እያደረግን ያለነው ግን «ተቀበል» ያለንን ሰው ከቤት አስወጥተን፣ በሩን ዘግተን፣ ሽልማቱን ግንባራችን ላይ መለጠፍ ነው።

«ስም መጥራት ምን ዋጋ አለው? ስም እንጀራ አይሆንም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከባድ ጥያቄ ነው። መልሴ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻቸውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠሩ፤ ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ያን ካሴት ባህር ዳር ላይ ያገኘው አንድ አሜሪካዊ አሮጌ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚያሰባስብ ሰው ነበር። ካሴቱ ላይ ስም ነበር። ስሙን ይዞ ፈለጋቸው፤ ደወለላቸው፤ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ በአዲስ መልክ ወጣ። ሰውዬው ወደ መድረክ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። ካሴቱ ላይ «ቪንቴጅ» የሚል ብቻ ቢጻፍበት ኖሮ ማን ማንን ይደውል ነበር? ስም እንጀራ አይሆንም፤ እንጀራው ቤቱን የሚያገኝበት አድራሻ ግን እሱ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ሩቅ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን የገንዘብ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከገንዘቡ ለይቶ ደግሞ ሥራው የእኔ ነው ብሎ የመታወቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ «አሮጌ ስለሆነ የማንም ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት። ያ ዘመን ላይ የሠሩ አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ለሌሎቹም ልጆች አሏቸው።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስና፣ ለሠሩት ሰዎች ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ በአጭሩ «ነጻ ሆኖ ስላገኘነው ተጠቅመንበታል» የሚል ነበር። አንብቤው ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀዘቀዘ። ሸክላውን ከአጎቴ ሳጥን ሳወጣ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ አይደል? ልዩነታችን እኔ ገንዘብ አላገኘሁበትም፤ እነሱ አግኝተውበታል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ክፍያዬንም አልተውኩም። ግን ቢከፍሉኝ ግማሹን ለማን እንደምሰጥ አለማወቄ ከማስታወቂያው በላይ አናዶኛል።

ስለዚህ ሸክላውን ይዤ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ጆሯቸውን ወደ ድምፁ ጣል አድርገው ቆዩና የአንድ ባንድ ስም ጠሩ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጓደኛቸው ደግሞ «ኧረ በጭራሽ! ያ ሰው እንዲህ አይነፋም» ብለው ሌላ ስም ጠሩ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሳክስፎን ተጣልተው ቡናው ቀዘቀዘ። ሁለቱንም ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ግምት ማተም አልተማርኩም። ግን በዚያ ከሰዓት የሰማሁት የባንድ፣ የሆቴልና የተጫዋች ታሪክ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስማር ሰምቼው አላውቅም። የመጣው ደግሞ በአንዲት ባለሦስት ሰከንድ ሉፕ ምክንያት ነው።

ጩኸቴን በሦስት ነገር ላጠቃልል።

አንደኛ፣ ቢት ስታካፍሉ የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የሚታወቅ ከሆነ የተጫዋቹን ስም፣ የአሳታሚውንና የዓመቱን ጻፉ። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ከኛ በፊት የነበሩ ሰብሳቢዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኤቲዮፒክስ» የተባሉትን ሲዲዎች ያወጣው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ ከሙዚቃው ጋር ታሪኩን ጭምር እያተሙ ነው የሠሩት። የፈረንሳይ ሰው ለኛ ተጫዋች ያደረገውን እኛ ብናደርገው ምን ይጎድልብናል?

ሁለተኛ፣ የማታውቁትን «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ። አጎቶችና አክስቶች ያሉት እናንተ ቤት ነው፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ በነጻ መካፈልና መሸጥ ይለያዩ። ለመማርና ለመጫወት ስንለዋወጥ ሌላ ነገር ነው። ቢቱ ብር ማምጣት ሲጀምር ግን ቁሙ፤ ባለቤቱን ፈልጉ፤ ተደራደሩ። ካልተገኘ ወይም እምቢ ካለ ሉፑን አውጥታችሁ በራሳችሁ ክራር ወይም ኪቦርድ አዲስ ዜማ ሥሩ። አይገድላችሁም፤ እንዲያውም ያሻሽላችኋል።

እኔ ቢቴን መልሼ በትኜዋለሁ። ኪኩ ያው ነው፤ ስኔሯም አሁንም ትዘገያለች። የተቀየረው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው። «ቪንቴጅ» የሚለው ወጥቷል። በምትኩ እንዲህ ይላል፤ «ሳክስፎን፦ እስካሁን ያልታወቀ። የምታውቁ ንገሩን፤ ዕዳ አለብን።»