የሪል እስቴት ምሩቅና የደምቢያ ዋልካ

የሪል እስቴት ልማትን በሁለተኛ ዲግሪ ያጠኑ ወጣቶች ገበያን፣ ብድርንና የንብረት ግምትን ይማራሉ። በውጭ አገር የተማረ ምሩቅ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል።

አንደኛው ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ ስለዚህ የሚገመተው ሕንፃውና የይዞታ መብቱ ነው።

ሁለተኛው አፈር ነው። በኮላ ድባ ዙሪያ ያለው ዋልካ በስስ ንብርብሮቹ መካከል ውኃ ስለሚያስገባ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። በቂ መሠረት የሌለው ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ የዘርፉ ትምህርት የአፈር ምርመራን ከሒሳብ ስሌት እኩል ሊያስተምር ይገባል እንላለን። ተማሪዎች ሆይ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ምሩቃንን ስለ ደመወዛቸው ብቻ አትጠይቁ፤ በትምህርት ዘመናቸው የመሠረት ጉድጓድ ወርደው አይተው እንደሆነም ጠይቋቸው።