ፈረሱም ይኸው፣ በርሜሉም ይኸው

እኛ ጭሮ (ወይም አሰበ ተፈሪ፣ እንደ ዕድሜያችሁ ጥሩት) ያደግን ልጆች በርሜል ሲባል ትዝ የሚለን ውኃ ነው። ስለዚህ አንድ ጓደኛዬ በስልኩ አንዲት አሜሪካዊት በፈረስ ሦስት በርሜል ስትዞር ሲያሳየኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ውኃ አለበት?» ብዬ ነው።

የለበትም፣ ባዶ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው። ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው 27 ሜትር ገደማ፣ ከሁለቱ እስከ ሦስተኛው ደግሞ 32 ሜትር ገደማ ነው። ጋላቢዋ ሦስቱንም ተራ በተራ ዞራ ወደ መጣችበት ትፈተለካለች። በርሜል ከጣለች 5 ሰከንድ ይጨመርባታል።

እኔን የገረመኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። ጋላቢዋ ከፈለገች ከቀኙ፣ ካሻት ከግራው በርሜል መጀመር ትችላለች። ከቀኙ ከጀመረች አንዴ ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ወደ ግራ ትዞራለች። ከግራው ከጀመረች የተገላቢጦሽ ነው። ታዲያ መራጩ ማነው? ፈረሱ! ወደ ግራ መዞር የሚቀናው ፈረስ ከቀኝ ይጀምራል። ልምምዱም እንደዚያው ነው። ደሙ የፈላውን ፈረስ በርሜሉ አካባቢ በእርምጃ ብቻ እያመላለሱ ያረጋጉታል። የሚለግመውን ደግሞ አጭር ሩጫ አስሩጠው ሳይሰለቸው ያቆሙለታል።

አሁን ወደ አጎቴ ልውሰዳችሁ።

አጎቴ ከሂርና በላይ ባለ ደጋ ይኖራል። («ይኖራሉ» አላልኩም፤ እኛ ሐረርጌዎች ከአንቱታ ጋር ብዙም አንተዋወቅም፤ ክብሩ ሆዳችን ውስጥ ነው።) ከዓመታት በፊት አንድ ዳማ ፈረስ ገዛ። ፈረሱ ሸክም ይችላል፣ ለሠርግም ያምራል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ወደ ቀኝ አይዞርም። ልጓሙን ሲስቡት አንገቱን ያደነድናል፣ ሲገርፉት ይቆማል፣ ሲብስበት ኋላውን ያነሳል።

ምን አደረግን? ገረፍነው። «ገረፍነው» የምለው እኔም አለንጋውን ስለያዝኩ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፈረስ መግራት ማለት የማን እልህ ቀድሞ ያልቃል የሚል ግጥሚያ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ በመጨረሻ «ይሄ እልከኛ ነው፣ ገበያ አውጥቼ እሸጠዋለሁ» አለ። ዋጋው እንደሚወድቅ ያውቃል። ለቤቱ ደግሞ ያ ፈረስ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ያዳነው የጎረቤት ልጅ ነው። ኮርቻ መጫን የማይችል ትንሽ ልጅ በባዶ ጀርባው ወጥቶበት ወደ ወንዝ ወረደ። ፈረሱ በቀኝም በግራም እንደ ልቡ ዞረለት! አጎቴ ሮጦ ኮርቻውን ገለበጠው። በቀኝ በኩል ከውስጡ የተሰበረ እንጨት አፍጥጧል። የፈረሱን ጀርባ በእጁ ሲዳብስ በዚያው በኩል ያበጠ ቁስል አገኘ። እኛ እልከኛ ያልነው ፈረስ ለካ እያመመው ነበር። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ፤ እኛ ግን ዳውላውን መፈተሽ ሰንፈን አህያውን ደበደብን።

ቁስሉ ዳነ። ወደ ቀኝ መዞር ግን ለረጅም ጊዜ ያስፈራው ነበር። አጎቴም ለሠርግ ሲጋልብ ዳሱን በግራ እንዲዞር አደረገው። በርሜል የሚባል ውድድር ሰምቶ አያውቅም፤ ግን እዚያው መልስ ላይ ደረሰ።

«እኛ ድሆች ነን፣ እያንዳንዱን ከብት እያጠናን የምንኖርበት ጊዜ የለንም» የሚለኝ አይጠፋም። ውሸት ነው ወንድሜ! የሐረር ሰንጋ ምን ሆኖ ነው በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ስሙ የገነነው? የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳው የነቀለውን የበቆሎና የማሽላ ቡቃያ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። የቱ ሆዳም እንደሆነ፣ የቱ መራጭ እንደሆነ አንድ በአንድ ያውቃል። ትዕግሥቱም እውቀቱም አለን ማለት ነው። ለሚታረደው ያለን ትዕግሥት፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሚሸከምልን ለምን ይጠፋል?

ድሮማ ፈረስ ስም ነበረው። ሐረርን የገዙት ራስ መኮንን «አባ ቃኘው» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከዚያው ፈረስ ነው። ሰውን በፈረሱ ስም የጠራ ሕዝብ፣ ፈረስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያስብ ነበር አትሉኝም።

አሜሪካ ውስጥ ቻርሜን ጄምስ የምትባል ጋላቢ ነበረች። ስካምፐር የሚባለው ፈረሷ ሰው በመጣል የታወቀ ስለነበር በርካሽ ነው የተገዛው። ከ1984 እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በዚሁ ፈረስ ነው። በ1985 በትልቁ ውድድር መሀል ልጓሙ ከአፉ ወልቆ ወደቀ፤ ያለ ልጓም ዞሮ አሸነፈላት! አለንጋ ይህን ያስተምራል?

እና ምን እናድርግ? ብዙ ወጪ የለውም። ከመግረፋችሁ በፊት ኮርቻውን ገልብጡ፣ ጀርባውን ዳብሱ፣ አፉንና ሰኮናውን እዩ። ጤነኛ ከሆነ በየትኛው ጎን መዞር እንደሚቀለው በእርምጃ ሞክሩት። የሚፈራውን በቀስታ፣ የሚለግመውን በአጭሩ አሠሩት። ጋሪ ለሚነዳውም፣ አህያ ለሚጭነውም፣ ጉግስ ለሚጫወተውም ይኸው ነው።

ዳማው በእርጅና ሞተ። እኔ ግን እስከ ዛሬ «ይሄ እልከኛ ነው» የሚል ሰው ስሰማ፣ ስለ ፈረስም ይሁን ስለ ሰው፣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኮርቻውን አይታችኋል?